ካሳ ወይስ ዐፄ ቴዎድሮስ? የታሪክ ሰው በልቦለድ ውስጥ በምን ስም ይጠራ?



የዛሬው ንግግሬ መነሻ እኔው ራሴ የሠራሁት ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የቋራ ተወላጅ የሆነ ተማሪዬ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ልጅነት የጻፈውን አጭር ልቦለድ እንዳነብለት ሰጠኝ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ካሳ ከመኝታው ተነሣ» ይል ነበር። ቀይ እስክሪብቶ አንሥቼ «ካሳ»ን ወደ «ዐፄ ቴዎድሮስ»፣ «ተነሣ»ን ወደ «ተነሡ» ለወጥሁት። ልጁ ወረቀቱን አይቶ «መምህር፣ በዚያ ጧት እኮ ዐፄ ቴዎድሮስ የሚባል ሰው ገና የለም» አለኝ። በዕለቱ መልስ አልሰጠሁትም። የዛሬው ንግግሬ የዘገየ መልሴ ነው።

ንግግሩን እዚህ ገንዳ ውሃ ላይ ማድረጌ ያለ ምክንያት አይደለም። ይህች ከተማ ራሷ ሸኽዲ በሚል ሌላ ስም የሚጠራት አላት። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የተደረገውን ጦርነት እኛ የመተማ ጦርነት ስንለው የሱዳንና የአውሮፓ መጻሕፍት ከድንበሩ ማዶ ባለችው ከተማ ስም የገላባት ጦርነት ይሉታል። ውጊያው ያው ነው፤ የተለያየው ተመልካቹ የቆመበት ቦታ ነው። ስም አንጻር ነው የምለው ስለዚህ ነው።

ይህ ቆላ በሁለት ካሳዎች መካከል ያለ አገር ነው። አንደኛው በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ የተወለደው ካሳ ኃይሉ ነው። ሁለተኛው በመተማ የወደቀው ካሳ ምርጫ ነው። አንዱ ቴዎድሮስ፣ ሌላው ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። የታሪክ መጻሕፍታችን ሁለቱንም ከልደታቸው ጀምረው በንግሥ ስማቸው ይጠሯቸዋል። ልቦለድ ጸሓፊውም ይህንኑ ሊከተል ይገባዋልን?

ሒሳቡን እንመልከት። ቴዎድሮስ የነገሡት በየካቲት 1847 ዓ.ም. ነው፤ ያረፉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ነው። ከ49 ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው 36ቱን ያህል የኖሩት ካሳ ተብለው ነው። በእነዚያ ዓመታትም ስማቸው አንድ አልነበረም። በእናታቸው በወይዘሮ አትጠገብ ቤት ካሳ ብቻ ነበሩ። የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ካገቡበት ዘመን ወዲህ ደጃዝማች ካሳ ተባሉ። ለወታደሩ አባ ታጠቅ፣ ለሕዝቡ መይሳው፣ ለጠላት ደግሞ የኮሶ ሻጭ ልጅ ነበሩ። እያንዳንዱ ስም የራሱ አፍ አለው። በአንድ ገጽ ላይ የትኛው ስም እንደተጻፈ ስናይ ያ ገጽ ከማን ዓይን ሆኖ እንደሚያይ እናውቃለን።

ሥነ ጽሑፍ የምታጠኑ ተማሪዎች እንደምታውቁት፣ በቅርብ ሦስተኛ መደብ ትረካ ተራኪው ሁሉን ዐወቅ አይደለም። በአንድ ገጸ ባሕርይ ትከሻ ላይ ተቀምጦ የሚያየው ያ ሰው የሚያየውን፣ የሚያውቀውም ያ ሰው የሚያውቀውን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ተራኪ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ በግብፅ ጦር መድፍ ፊት የቆመውን ሰው «ዐፄ ቴዎድሮስ» ቢለው ምን ይሆናል? አንባቢው ሰውየው ከዚያ መድፍ አምልጦ እንደሚነግሥ ወዲያው ያውቃል። ፍርሃቱ ይጠፋል፤ ሽንፈቱም ለወደፊት ድል መሰናዶ ብቻ ይመስላል። የቆመው ካሳ ከሆነ ግን ነገን አያውቅም፤ እኛም ከእርሱ ጋር አናውቅም። ከዚያ ቀን ተርፎ ለመድፍ ያደረበት ጽኑ ፍላጎት እስከ ጋፋትና እስከ መቅደላ ድረስ አልተለየውም። የዚያን ፍላጎት ሥር የምንረዳው ፍርሃቱን አብረን ከፈራን ነው።

ስለዚህ በቀይ እስክሪብቶዬ ያረምሁት የክብር ጉድለት መስሎኝ ነበር እንጂ ያስገባሁት የዘመን ስሕተት ነበር። የዜና መዋዕል ጸሓፊው ይህን ቢያደርግ አይወቀስም። አለቃ ዘነብም ሆኑ አለቃ ወልደ ማርያም የጻፉት ስለ ነገሠ ሰው ነው፤ ከፍጻሜው ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው መመልከት የዜና መዋዕል ባሕርይ ነው። ልቦለድ ጸሓፊው ግን ከመጀመሪያው ወደ ፍጻሜው በጨለማ ይሄዳል።

የእኛ ደራስያን ይህን ችግር ዐውቀውታል። አቤ ጉበኛ ስለ ቴዎድሮስ የጻፈውን ልቦለድ «አንድ ለናቱ» ብሎታል፤ ይህ የልደት ስምም የንግሥ ስምም አይደለም፤ በእናት ዓይን የሚታይ ልጅ ስም ነው። ብርሃኑ ዘሪሁን ያንኑ ዘመን ሲጽፍ በርእሱ ላይ ያኖረው የንጉሡን ሳይሆን የታንጉትን ስም ነው። በውጭው ዓለም የእንግሊዟ ደራሲ ሂላሪ ማንቴል ስለ ቶማስ ክሮምዌል በጻፈችው በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ «ዎልፍ ሆል» ውስጥ ዋናውን ገጸ ባሕርይ አብዛኛውን ጊዜ «እርሱ» ብቻ ትለዋለች። ሰው በራሱ ሐሳብ ውስጥ ራሱን በስሙ አይጠራምና። አንዳንድ አንባቢ «እርሱ» ማን እንደሆነ ግራ ቢጋባም መንገዱ ብልህ ነው።

አማርኛ ይህን መንገድ በከፊል በነጻ ይሰጠናል። ባለቤቱ በግሡ ውስጥ ስላለ «ተነሣ» ማለት ይበቃናል፤ «እርሱ» እንኳ አያስፈልገንም። ይሁን እንጂ ቋንቋችን በሌላ በኩል ዋጋውን ያስከፍለናል። እንግሊዝኛ ጸሓፊ ስሙን ከመረጠ ሥራው አለቀ። እኛ ግን በእያንዳንዱ ግሥ «ተነሣ» ወይስ «ተነሡ»፣ በእያንዳንዱ ስምም «ፈረሱ» ወይስ «ፈረሳቸው» ብለን እንወስናለን። ስሙን ብንደብቅ እንኳ ግሡ ያጋልጠናል። «ተነሡ» ያለ ተራኪ ከገጸ ባሕርዩ ፊት እጅ ነሥቶ የቆመ ነው፤ በትከሻው ላይ ሊቀመጥ አይችልም። ማንም ሰው በልቡ ሲያስብ ራሱን «አንቱ» አይልምና።

እንግዲህ ስሙ የሚለወጠው መቼ ነው? መልሴ፣ ለውጡ በታሪኩ ውስጥ ለራሱ ለሰውየው ሲደርስበት ነው የሚል ነው። ለካሳ ያ ቀን በደረስጌ ማርያም ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ለራሳቸው ንግሥ ያዘጋጁት ደጃዝማች ውቤ ድል ተነሥተው፣ አቡነ ሰላማ ዘውዱን የጫኑት በካሳ ራስ ላይ ነው። ስሙም አዲስ አልነበረም፤ በፍካሬ ኢየሱስ ትንቢት ሰው ሲጠብቅ የኖረ ስም ነው። ከዚያች ሰዓት በፊት «ቴዎድሮስ» ያለ ደራሲ ይህን ትዕይንት በገዛ እጁ አባክኖታል።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ከዚህ በቅርብ ርቀት፣ ዛሬ መተማ ዮሐንስ በምንላት ከተማ የሆነ ነው። ዐፄ ዮሐንስ ቆስለው ከማረፋቸው በፊት፣ እስከዚያ ቀን የወንድማቸው የጉግሣ ልጅ ሲባል የኖረውን መንገሻን የአብራካቸው ክፋይና ወራሻቸው መሆኑን ተናገሩ። ይህን ትዕይንት ከመንገሻ ዓይን የሚጽፍ ደራሲ ድንኳኑ ውስጥ የገባውን ወጣት «አጎቱን አየ» ብሎ ይጀምርና በዚያው ገጽ ላይ «አባቱን» ብሎ ሊጨርስ ግድ ይሆንበታል። ከመግቢያው ጀምሮ «አባቱ» ካለ የትዕይንቱን ልብ አወጣው። የአገሪቱ የዙፋን ጥያቄም በዚያች አንዲት ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

አንድ ነገር ሳልጨምር አላበቃም። በዘመናችን ጽሑፎች አንዱን ካሳ በሙሉ ማዕርግ እየጠሩ ሌላውን በባዶ ስሙ የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው። አንዳንዱ «አንተ» የፍቅር ነው፤ መይሳውን አንቱ የሚል ዘፋኝ አልሰማሁም። አንዳንዱ ግን ፍርድ ነው፤ ማስረጃ ሳይቀርብ በግሥ መድረሻ ላይ የሚሰጥ ፍርድ። ስለዚህ ምክሬ ሚዛኑ ለሁለቱም እኩል ይሁን የሚል ነው። ከውስጥ ስናይ ሁለቱም ካሳ ይሁኑ፤ ከውጭ ስናይ ሁለቱም ዐፄ ይሁኑ።

ያ ተማሪዬ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ይኑር አይኑር አላውቅም። ካለ ግን እርማቴን ይሰርዝልኝ። በዚያ ጧት ከመኝታው የተነሣው ካሳ ነው።