ስለ ደካማው የሚቆም ሰው

በቀድሞው ዘመን ችሎት፥ ባላጋራዎች ነጠላቸውን አደግድገው በበላ ልበልሃ ሲሟገቱ፥ ደዌ የጸናበት ወይም አንደበቱ አልፈታ ያለው ሰው ነገሩን የሚያቀናለት ዘመድ ወይም በርቱዕ አንደበቱ የታወቀ ጎረቤት ያቆም ነበር። ይህ ነገር አዋቂ ሕግን ከችሎት ውሎና ሊቃውንት ከሚተረጕሙት ፍትሐ ነገሥት በጆሮው የቀሰመ እንጂ በትምህርት ቤት የተማረ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ከሾሙ ወዲህ፥ አቤቱታ ከቃል ወደ ወረቀት እየተሻገረ ሲሄድ፥ በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጻፊ የዚሁ ሰው ወራሽ ሆነ።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በሰበታ ፋብሪካዎች ሲተከሉ፥ በለገዳዲም በ1960ዎቹ መጀመሪያ መዲናይቱን የሚያጠጣው ግድብ ሲሠራ፥ በእርሻ የኖረው ጕልበት ወደ መኪናና ወደ ድንጋይ ሥራ ገባ፤ አካሉ የጎደለበትም ሠራተኛ የሚከራከረው ከመዝገብ ጋር ሆነ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲቋቋም፥ የማኅበር መሪ ጠበቃ ሳይሆን ስለ ባልንጀራው የሚናገርበት በር ተከፈተ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ባል፥ ሚስት፥ ወንድም፥ ልጅ ወይም አባት ወኪል ሆኖ በችሎት እንዲቆም በመፍቀዱ የጥንቱን ልማድ አጸናው።

የእንዲህ ያለ ወኪል ድካም የሚታወቀው በጡረታ ጉዳይ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለመንግሥት ሠራተኞች የተደነገገው ጡረታ በ2003 ዓ.ም. ለግል ድርጅት ሠራተኞችም ተዳረሰ። በጡረታው ሕግ በጤና ጉድለት ምክንያት የዘወትር አበል የሚያገኘው ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሲሆን፥ በሥራ ላይ ጉዳት ደርሶበት መሥራት የተሳነው ግን የአገልግሎቱ ዘመን አይጠየቅም። እንግዲህ በሦስተኛ ዓመቱ ወገቡ የተሰበረ ሠራተኛ ዕድሜ ልኩን አበል ማግኘት አለማግኘቱ በአንድ ጥያቄ ላይ ይንጠለጠላል፦ ጉዳቱ ከሥራው መጣ ወይስ አልመጣም? ይህን የሚመልሱት አሠሪው የጻፈው የጉዳት ሪፖርት፥ የባልደረቦች ምስክርነትና የሕክምና ቦርድ ውሳኔ ናቸው፤ ወረቀቱ ቀኑ ሳያልፍ እንዲጻፍ የሚተጋ ወንድም፥ በእኔ ፍርድ፥ ዘግይቶ ከመጣ አንደበተ ርቱዕ ይበልጣል።

ስለ ደካሞች ሲነገር የሰበታን መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ማለፍ አይገባም። አገሩ ሁሉ ሌላ ሰው ይናገርላቸው ዘንድ የፈረደባቸው ዓይነ ሥውራን በዚያ በብሬል ፊደል ተምረው፥ ከእነርሱም መምህራንና የሕግ ባለሙያዎች ወጥተው፥ ለራሳቸውም ለሌላውም ተናጋሪ ሆነዋል። ወኪልነት የባለ ጉዳዩን ድምፅ ማሰማት እንጂ መተካት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህን አስቦ፥ ለመታረቅና ለመካሰስ ልዩ ውክልና እንዲሰጥ አዝዟል። ስለዚህ የጉዳተኛ ዘመድ ወይም ጎረቤት ሆናችሁ ይህን አደራ የምትቀበሉ ሁሉ፥ የምትችሉት ሥራ በዝርዝር የተጻፈበትን ውክልና በውልና ማስረጃ አስመዝግቡ፤ እያንዳንዱን ወረቀት ለባለቤቱ አንብቡለት፥ ዋናውንም በእጁ አቆዩለት፤ ከአበሉ ድርሻ አትጠይቁ።