በባሕር ዳርቻ ዓለት ላይ የተገኘ ትምህርት፦ የሮበርት ፔይን ምርምር ታሪክ

መግቢያ

የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት በብዙ ክፍሎች የሚጀምረው ከስም ነው። ተማሪው የእንስሳትንና የዕፀዋትን ስም፣ ወገንና መልክ ያጠናል፤ በፈተናም ጊዜ ያጠናውን ይዘረዝራል። ይህ አስፈላጊ መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ በአንድ ስፍራ ምን ምን እንደሚገኝ ማወቅ አንድ ነገር ሲሆን፣ እነዚያን ፍጥረታት በአንድነት የሚያኖራቸው ምን እንደሆነ ማወቅ ግን ሌላ ነገር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሁለተኛው ዓይነት ዕውቀት በባሕር ዳርቻ ጥናት ውስጥ እንዴት እንደተገኘ በአሜሪካዊው የባሕር ሥነ ምህዳር ሊቅ በፕሮፌሰር ሮበርት ፔይን (1933–2016) ሥራ አማካይነት ማሳየትና፣ ታሪኩ ለመምህራንና ለፕላን አውጪዎች የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከፔይን በፊት የነበረው ጥናት

የባሕር ውሃ በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት ይሞላል፤ ይጎድላልም። ሲሞላ የሚሸፈነው፣ ሲጎድል ደግሞ ለአየርና ለፀሐይ የሚጋለጠው የዳርቻ ምድር የራሱ የሆኑ ነዋሪዎች አሉት። ዳርቻው ዓለታማ በሆነበት ስፍራ እነዚህ ፍጥረታት ከላይ እስከ ታች እንደ ጥለት በየመስመራቸው ተደርድረው ይታያሉ። በ1949 ስቴፈንሰን የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች በልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች የተመለከቱትን ይህን አሰላለፍ አጠቃለው በጽሑፍ አቀረቡ። በዚያን ዘመን ለአሰላለፉ ይሰጥ የነበረው ዋና ማብራሪያ እያንዳንዱ ፍጥረት ድርቀትንና ሙቀትን የመቋቋም ችሎታው የተለያየ መሆኑ ነበር።

ይህ ማብራሪያ ከፊሉን እውነት ብቻ የያዘ መሆኑን በሙከራ ካሳዩት አንዱ ጆሴፍ ኮኔል ናቸው። ኮኔል በስኮትላንድ በኩምብሬ ደሴት ያጠኑት ባርናክል የተባለውን፣ በዓለት ላይ ተጣብቆ በቅርፊት ውስጥ የሚኖረውን የሸርጣን ዘመድ ነበር። በስፍራው ሁለት ዓይነት ባርናክሎች ነበሩ፤ አንደኛው ከላይ፣ ሁለተኛው ከታች ይኖራል። ኮኔል የታችኛውን ዓይነት ከዓለቱ ላይ ባስወገዱ ጊዜ፣ የላይኛው ወደ ታች ወርዶ በደኅና መኖር የሚችል ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ከታች ያገደው የውሃው ሁኔታ ሳይሆን ጎረቤቱ ነበር። ይህ ውጤት በ1961 ታትሞ ወጣ።

የፔይን ጥያቄና ሙከራ

ፔይን የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1961 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አገኙ። መምህራቸው የነበሩት ፍሬድሪክ ስሚዝ ከኔልሰን ሄርስተንና ከሎውረንስ ስሎቦድኪን ጋር ሆነው በ1960 ባወጡት ጽሑፍ፣ ምድር በለምለም ዕፀዋት ተሸፍና የምትገኘው ዕፀዋት በሊታ እንስሳትን የሚያድኑ አዳኞች ቁጥራቸውን ስለሚገቱት ነው የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ሐሳቡ ብዙ ክርክር አስነሣ። ነገር ግን በክርክር ብቻ የሚፈታ ባለመሆኑ፣ አዳኙ ቢወገድ ምን እንደሚከተል የሚያሳይ ሙከራ ያስፈልገው ነበር።

ፔይን በ1962 በሲያትል ከተማ በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። በዓመቱም፣ ማካህ የተባሉት ነባር ሕዝቦች በሚኖሩበት የፓሲፊክ ውቅያኖስ ጠረፍ፣ ለሙከራው ተስማሚ የሆነ ዓለታማ ዳርቻ አገኙ። በዚያ ከሚኖሩት አዳኞች ዋነኛው ፒዛስተር የተባለው የባሕር ኮከብ ሲሆን፣ ከምግቦቹም አንዱ መስል የተባለው ባለ ሁለት ክዳን ቅርፊት ፍጥረት ነው።

ሙከራው በጁን 1963 ተጀመረ። ፔይን 8 ሜትር ያህል ርዝመትና 2 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው የዓለት ክፍል ላይ የባሕር ኮከቦችን በብረት መፈልቀቂያ እያላቀቁ ወደ ባሕሩ ይወረውሩ ጀመር። አዲስ የሚመጡትንም እየተመላለሱ ያስወግዱ ነበር። በአጠገቡ የሚገኘውን ተመሳሳይ የዓለት ክፍል ግን ሳይነኩ ለማነጻጸሪያ ተዉት።

በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ባርናክሎች ከባዶው ቦታ ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ያዙ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በፍጥነት የሚያድጉት መስሎች ባርናክሎቹን ያጨናንቋቸው ጀመር። አልጌዎች የሚጣበቁበት ቦታ አጡ፤ አልጌ የሚመገቡትም ስፍራውን ለቀቁ። በመጀመሪያ ከነበሩት 15 ዓይነት ፍጥረታት የቀሩት 8 ብቻ ሆኑ። ባልተነካው የዓለት ክፍል ላይ ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አልታየም።

የዚህ ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። በዓለታማ ዳርቻ ላይ እጅግ የሚያሻማው ነገር የመጣበቂያ ቦታ ነው። በዚህም ሽሚያ መስል ሁሉንም ያሸንፋል። የባሕር ኮከቡ መስሎችን በበላ ቁጥር ግን ለደካሞቹ ቦታ ይከፈታል። ስለሆነም አዳኙ ለአንዳንዶቹ ጠላት ቢመስልም፣ ለጠቅላላው ማኅበር ግን መኖር ምክንያት ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ በ1966 ታተመ። ፔይን በ1969 እንዲህ ላለው ፍጥረት ስም ሲያወጡ፣ የድንጋይ ቅስት ጫፍ ላይ ከሚቀመጠው መዝጊያ ድንጋይ ወሰዱ፤ ያ ድንጋይ ሲነሣ ቅስቱ ይናዳልና።

ሐሳቡ የተስፋፋበትና የታረመበት ሁኔታ

በ1971 በአሉሺያን ደሴቶች ሲ ኦተር የተባለውን የባሕር አጥቢ እንስሳ ያጠና የነበረው ወጣቱ ጄምስ ኤስቲስ ከፔይን ጋር ተገናኘ። ኤስቲስ የሚጠይቀው ለእንስሳው መኖር ምን እንደሚያስፈልግ ነበር፤ ፔይን ግን ጥያቄውን ገልብጦ እንስሳው ለአካባቢው ምን እንደሚያደርግ እንዲጠይቅ መከሩት። ኤስቲስ ከጆን ፓልሚሳኖ ጋር በ1974 ባወጣው ጥናት፣ ሲ ኦተር ባለባቸው ደሴቶች ዙሪያ የባሕር ውስጥ አረም እንደ ደን በቅሎ ሲገኝ፣ በሌሉባቸው ግን አረሙን የሚበሉ ባለ እሾህ ፍጥረታት በዝተው ወለሉን እንዳራቆቱት አሳየ።

ይሁን እንጂ ሐሳቡ ያለ ገደብ እንዲሠራበት አልተተወም። የፔይን ተማሪ የነበሩት ብሩስ ሜንጅና ባልደረቦቻቸው በ1994 ባወጡት ጥናት፣ ያው የባሕር ኮከብ በኦሬገን ጠረፍ ማዕበል በሚበረታበት ስፍራ ታላቅ ኃይል እንዳለው፣ በተከለለው ስፍራ ግን ኃይሉ አነስተኛ እንደሆነ አረጋገጡ። በዚህም በአንድ ስፍራ የታየ ውጤት በሌላው ስፍራ በግምት ሊወሰድ እንደማይገባው ታወቀ።

ፔይን ራሳቸው ታቱሽ በተባለችው ደሴት በማካህ ሕዝብ ፈቃድ ለአያሌ አሥርት ዓመታት ምርምራቸውን ቀጠሉ። ከ2013 ጀምሮ በዚያው ጠረፍ በተነሣ በሽታ እጅግ ብዙ የባሕር ኮከቦች ባለቁ ጊዜ፣ ተመራማሪዎች የጥፋቱን መጠን ሊገምቱ የቻሉት አስቀድሞ እንዲህ ያለ የረጅም ጊዜ መዝገብ ስለነበረ ነው።

ለመምህራንና ለፕላን አውጪዎች የሚሰጠው ትምህርት

ከዚህ ታሪክ መምህሩ በመጀመሪያ የሚያገኘው ነገር ቢኖር ምርምር የግድ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ መሆኑን ነው። የፔይን ሙከራ ዋና መሣሪያዎች የብረት መፈልቀቂያ፣ የመቁጠሪያ ደብተርና ትዕግሥት ነበሩ። አገራችን የባሕር ዳርቻ የላትም፤ ዘዴው ግን ከባሕር ጋር የተቆራኘ አይደለም። በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሁለት እኩል የሣር መሬቶች ተለክተው፣ አንደኛው ከብት እንዳይገባበት ቢታጠር፣ ሁለተኛው እንደነበረ ቢተው፣ ተማሪዎችም በየወሩ በሁለቱ ላይ የሚበቅሉትን የዕፀዋት ዓይነቶች ቢቆጥሩ፣ የማነጻጸሪያን ጥቅም በቃል ከሚሰጥ ብያኔ በበለጠ ይረዱታል። ነገር ግን ቆጠራው ቢያንስ ክረምትና በጋ ሊፈራረቁበት ይገባል።

ለፕላን አውጪው ደግሞ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ብዛት ብቻውን የጠቃሚነት መለኪያ አይሆንም፤ በቁጥር አነስተኛ የሆነው ክፍል የሌሎቹ ሁሉ ድጋፍ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ አንድን ነገር ያለ ጥቅም የተቀመጠ ነው ብሎ ከማስወገድ በፊት በትንሽ ስፍራ መሞከርና ከተተወው ጋር ማነጻጸር ይገባል። ሦስተኛ፣ በመጀመሪያው ወቅት የታየው ውጤት የመጨረሻው አይደለም። ፔይን ሥራቸውን በሦስተኛው ወር አቁመው ቢሆን ኖሮ፣ የዓለቱ ወራሽ ባርናክል ነው ብለው በጻፉ ነበር።

ባጭሩ፣ ለተማሪው የስም ዝርዝር ከመስጠት ጋር፣ “ይህ ባይኖር ምን ይሆን ነበር?” የሚለውን ጥያቄና ጥያቄውን የሚፈትንበትን ዘዴ መስጠት የትምህርት ተግባር ነው።