ከሐረር የተነሣው ስልክ ገጠር እስኪደርስ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ረጅም የስልክ መስመር ሐረርን ከአዲስ አበባ ጋር ያገናኘው ነው። ሥራው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1894 የተጀመረ ሲሆን፣ የመስመሩ ርዝመት 477 ኪሎ ሜትር ነበር። በወቅቱ ሐረርን ያስተዳድሩ የነበሩት ራስ መኰንን ናቸው። ከተማዋ ለምን እንደቀደመች መገመት አያዳግትም፤ ከዘይላና ከጅቡቲ የሚመጣው ነጋዴ፣ ደብዳቤና የውጭ መልእክተኛ በሐረር በኩል ያልፍ ስለነበር፣ ቤተ መንግሥቱ ወሬውን ከበቅሎ ፈጥኖ መስማት ያስፈልገው ነበር።

ይሁን እንጂ ሽቦው በገበሬው ማሳ ላይ አለፈ እንጂ ለገበሬው አልተዘረጋም። ምክንያቱ ከአሠራሩ ይጀምራል። በሽቦ የሚሠራ ስልክ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ከማዞሪያ ጣቢያው እስከ ቤቱ ድረስ የሚደርስ የራሱን መስመር ይፈልጋል። በከተማ አንድ ምሰሶ ለብዙ ቤቶች ያገለግላል፤ በገጠር ግን ለአንድ ቤት ሲባል ኪሎ ሜትሮችን የሚሸፍን ምሰሶ መትከል ሊጠይቅ ይችላል። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላም ስልክ በዋናነት የመሥሪያ ቤትና የከተሜ ንብረት ሆኖ ቆይቷል። የገጠር ሰው ስልክ የሚያነጋግረው ከተማ ወርዶ፣ ከቴሌ ጣቢያ ተራ ጠብቆ ነበር።

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ያቋቋመው፣ በሰር ዶናልድ ሜትላንድ የተመራው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ ላይ ባወጣው ሪፖርት፣ በቶኪዮ ከተማ ያለው ስልክ በመላው አፍሪካ ካለው እንደሚበልጥ አመልክቷል።

በእስያ መፍትሔው የመጣው ስልክን ለየቤቱ ከማደል ይልቅ በጋራ ከመጠቀም ነው። በባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የገጠር ሴቶች ከግራሚን ባንክ በሚያገኙት ብድር ተንቀሳቃሽ ስልክ እየገዙ፣ ለመንደራቸው ሰው በደቂቃ ሒሳብ ማስደወል ጀመሩ። አንዲት ሴት በያዘችው ስልክ መንደሩ ሁሉ ይደውል ነበር። በህንድ ደግሞ በየመንገዱ ዳር የተከፈቱ የሕዝብ ስልክ መደብሮች ተመሳሳይ አገልግሎት ሰጥተዋል። በዚያው አገር በኬረላ ግዛት የተደረገ ጥናት ከሁሉ ይልቅ ለገበሬ ትምህርት ይሰጣል። ዓሣ አጥማጆች ገና ባሕር ላይ ሳሉ ደውለው ዋጋ መጠየቅ ሲጀምሩ፣ ገዢ አጥቶ ይጣል የነበረው ዓሣ ቀረ፤ የአጥማጆቹ ትርፍ በ8 በመቶ ሲጨምር፣ ሸማቹ የሚከፍለው ዋጋ በ4 በመቶ ቀነሰ።

በኢትዮጵያ ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀመረ። ከዚያም የገጠሩ ነዋሪ በ5 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የስልክ አገልግሎት እንዲያገኝ ታቅዶ፣ ያለ ሽቦ የሚሠሩ ስልኮች በየቀበሌው መግባት ጀመሩ። አንድ ማማ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ስለሚያገለግል፣ ለየቤቱ ምሰሶ የመትከሉ ወጪ ቀረ። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ሁለተኛው ኩባንያ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን ከዋና ከተማዋ አስቀድሞ በድሬዳዋ፣ ቀጥሎም በሐረርና በሐሮማያ ጀምሯል። ምሥራቁ በድጋሚ መቅደሙ ነው።

ስልኩ ምን ያህል ጥቅም እንዳመጣ የሚታየው ግን በገበያ ነው። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኘው የአወዳይ ጫት ገበያ ዋጋ በአንድ ቀን ውስጥ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጫት ትኩስነቱ ሲያልፍ ዋጋ ስለሌለው፣ ገበሬው ሳይቆርጥ ጠይቆ መወሰን ከቻለ ያተርፋል። ሆኖም የኬረላው አጥማጅ ዋጋው ካልተስማማው ጀልባውን ወደ ሌላ ወደብ ያዞር ነበር። የአንድ ደላላ ቁጥር ብቻ ያለው፣ ከዚያው ደላላ አስቀድሞ ገንዘብ የተበደረ ገበሬ ግን ደውሎም የሚሰማው የደላላውን ዋጋ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ከስልኩ ይልቅ በስልኩ ውስጥ ያሉት የሁለትና የሦስት ገዢዎች ቁጥሮች ይበልጣሉ።

ስለ እርሻ ሥራ ምክር ለሚፈልግ፣ በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 8028 ነጻ የስልክ መስመር ተዘጋጅቷል። ደዋዩ ቁጥር እየተጫነ የተቀዳ መልእክት ስለሚያዳምጥ ማንበብ የግድ አይደለም፤ ከመነሻውም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ የቀረበ በመሆኑ ለሐረር ዙሪያ አርሶ አደር ቋንቋው እንግዳ አይሆንበትም።

የኔትወርክ ሽፋን አለ ማለት ግን ሁሉም ይሰማል ማለት አይደለም። የሬዲዮ ሞገድ ተራራን ስለማያልፍ ከሸንተረር ጀርባ ያለ መንደር ማማው ቅርቡ ሆኖም ድምፅ ሊያጣ ይችላል። በግንብ ታጥሮ በሚገኘው በጁገል ውስጥም የድንጋይ ቤቶቹ ወፍራም ግድግዳ ሞገዱን ያዳክማል፤ ስፍራው በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ በመሆኑ ደግሞ ማማ እንደልብ አይተከልበትም። መብራት በሌለበት ቀበሌ ባትሪ መሙላት ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ስልኩ አንድ ብቻ በሆነበት ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ባል በመሆኑ፣ አትክልትና ወተት ይዛ ገበያ የምትወጣው ሚስት ዋጋውን የምታውቀው እዚያው ደርሳ ነው።

ኩባንያ ደንበኛ በጥቂቱ ባለበት ቦታ ማማ ለመትከል አይቸኩልም። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 1148/2011 አገልግሎቱ አዋጪ ባልሆነባቸው አካባቢዎችም እንዲዳረስ የሚያግዝ ፈንድን ያካተተው ለዚህ ነው።