ሚዛንና አኃዝ፦ የኬሚስትሪ ልኬት ታሪክ ለጀማሪ ተማሪዎች ትምህርት ያለው ጠቀሜታ

የኬሚስትሪ ትምህርት ሲጀመር የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ልኬት መሆኑ የተለመደ ነው። ተማሪው የሜትርን፣ የኪሎግራምን፣ የሊትርንና የኬልቪንን ስም ከሠንጠረዥ ይገለብጣል፤ አንድ ሊትር አንድ ሺህ ሚሊሊትር መሆኑን ያጠናል፤ ከዚያም ስለ ጉልህ አኃዞች የተደነገገውን ደንብ በቃሉ ይዞ ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ያልፋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ያው ተማሪ በቤተ ሙከራ 17.3 ግራም የሚመዝን የአሉሚኒየም ቁራጭ ውሃ ውስጥ ከትቶ ይዘቱ 6.4 ሚሊሊትር መሆኑን ካነበበ በኋላ፣ እፍግታው 2.703125 ግራም በሚሊሊትር ነው ብሎ ይጽፋል። የሒሳብ መኪናው ያወጣለትን ሁሉ መጻፉ ነው። በስሌቱ ውስጥ ስሕተት የለም፤ የተሳሳተው ተማሪው ስለ መስፈሪያው የሰጠው ምስክርነት ነው። የይዘቱ ንባብ በአንድ አሥረኛ ሚሊሊትር ከፍ ወይም ዝቅ ቢል፣ ውጤቱ ከ2.66 እስከ 2.75 ድረስ ይዋልላልና።

ይህን ስሕተት ደንቡን ደጋግሞ በማስጠናት ብቻ ማረም አይቻልም። ደንቡ ከምን ችግር እንደ ተወለደ ያልተነገረው ተማሪ፣ የመምህሩ የማርክ መቀነሻ አድርጎ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። ስለዚህ ልኬት በኬሚስትሪ ታሪክ ውስጥ ያለፈበትን መንገድ መመልከት ለመምህሩም ሆነ ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጁ ይበጃል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኬሚስትሪ ሚዛንን የምርምር ዋና መሣሪያ ካደረጉት ሰዎች መካከል የስኮትላንዱ ጆዜፍ ብላክ ቀዳሚነት አለው፤ በ1756 ባሳተመው ጥናት ማግኒዥያ አልባ የተባለው ነጭ ዱቄት ሲግል የሚያጣው ክብደት ከውስጡ የሚወጣ ጋዝ መሆኑን በመመዘን አሳይቷል። ይሁን እንጂ ሚዛንን የክርክር ዳኛ ያደረገው ፈረንሣዊው አንትዋን ላቯዚዬ ነው። በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መማሪያ መጽሐፍ የገለጸው የባዜቃ ሙከራ ለዚህ ምስክር ይሆናል። ላቯዚዬ ባዜቃን ከ50 ኩብ ኢንች ገደማ አየር ጋር ዘግቶ 12 ቀን አሞቀው። በባዜቃው ላይ ቀይ ዱቄት ታየ፤ አየሩም ወደ 42 ወይም 43 ኩብ ኢንች ቀነሰ። ዱቄቱ ተሰብስቦ ሲመዘን 45 ግሬን ሆነ፤ ግሬን የድሮ የፈረንሣይ ጥቃቅን የክብደት መለኪያ ነው። ዱቄቱ እንደገና በብርቱ ሲግል 41 ተኩል ግሬን ባዜቃና ከ7 እስከ 8 ኩብ ኢንች ጋዝ ተገኘ። ባዜቃው ከአየር የወሰደውን መለሰ ማለት ነው። ያ ጋዝ ዛሬ ኦክስጅን የሚባለው ነው።

እዚህ ላይ አንባቢው «ከ7 እስከ 8» የሚለውን አባባል ልብ እንዲል ያስፈልጋል። ላቯዚዬ ጋዙን ሲለካ እርግጠኛ የሆነበትንና ያልሆነበትን ለይቶ ጽፏል። በሌሎች ጽሑፎቹ ግን ይህን ጥንቃቄ ሁልጊዜ አልጠበቀም፤ ከስሌት የወጡ ረጃጅም አኃዞችን እንዳሉ ያሳትም ነበር። በዚያው በ1789 እንግሊዛዊው ዊልያም ኒኮልሰን፣ ሪቻርድ ኪርዋን ስለ ፍሎጂስቶን በጻፈው መጽሐፍ አዲስ እትም መቅድም ላይ ይህን ነቀፈ። የነቀፌታው ፍሬ ሐሳብ፣ አንዳንዶቹ አኃዞች ሙከራው ሊደርስበት ከሚችለው ጥራት እጅግ አልፈው የሄዱ ስለሆኑ፣ ያልተረጋገጠውን የተረጋገጠ ያስመስላሉ የሚል ነበር። የፍሎጂስቶን ክርክር በላቯዚዬ አሸናፊነት ተፈጽሟል፤ ኪርዋን ራሱ በ1791 አሮጌውን አስተሳሰብ ትቷል። በአኃዞቹ ጉዳይ ግን እውነቱ ከኒኮልሰን ጋር ነበር። የዘመናዊ ኬሚስትሪ አባት የሚባለው ሰው የተወቀሰበት ስሕተት፣ ከላይ የተጠቀሰው ተማሪ 2.703125 ብሎ ከጻፈው ጋር በዓይነቱ አንድ መሆኑን መምህሩ በክፍል ቢናገር ተማሪዎቹን ማነቃቃቱ የማይቀር ነው።

ሌላው ችግር የመለኪያዎቹ አለመስማማት ነበር። በዚያ ዘመን ፓውንድ የሚባለው መለኪያ ከአገር አገር፣ በፈረንሣይ ውስጥም ከከተማ ከተማ ይለያይ ነበር፤ እህል እስከ መስፈሪያው አፍ ብቻ ይሰፈር ወይስ ተከምሮ የሚለውም የገበሬውና የባለ መሬቱ የዘወትር ጠብ ነበር። በቁና ሲሰፈር ያየ የአገራችን ተማሪ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ላቯዚዬ በመጽሐፉ ያቀረበው መፍትሔ ብልህነት ያለበት ነበር፤ እያንዳንዱ ኬሚስት የአገሩን ፓውንድ እንደያዘ ይቆይ፣ ነገር ግን በአሥርና በመቶ ከፋፍሎ ይጻፈው የሚል ነው። እንዲህ ከሆነ ፓውንዱ ቢለያይም የክፍልፋዮቹ ንጽጽር በሁሉም ዘንድ አንድ ይሆናል።

ከአብዮቱ በኋላ ግን ፈረንሣይ ከዚህ የሰፋ ሥራ ጀመረች። በ1793 ላቯዚዬ ከረኔ ዡስት አዊ ጋር ሆኖ፣ ለአዲሱ የክብደት መለኪያ መሠረት የሚሆነውን የታወቀ ይዘት ያለው ውሃ መዘነ። በዚያው ዓመት ኅዳር ቀድሞ ግብር ሰብሳቢ በመሆኑ ታሰረ፤ ግንቦት 8 ቀን 1794 በሞት ተቀጣ። የሜትሪክ ሥርዓት ሕግ የወጣው እርሱ ከሞተ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ሚያዝያ 7 ቀን 1795 ነው። በሕጉ መሠረት ግራም በሚቀልጥ በረዶ ሙቀት ያለ አንድ ኩብ ሴንቲሜትር ንጹሕ ውሃ ክብደት ሆነ። በኋላ ግን ለፌቭር ዢኖና ፋብሮኒ ውሃ ከሁሉ በላይ በሚታፈግበት፣ በ4 ዲግሪ ገደማ መዘኑት፤ በ1799 ከፕላቲነም የተሠራው ኪሎግራም በፓሪስ ቤተ መዛግብት ተቀመጠ።

ያ ፕላቲነም ለውሃው በትክክል አልገጠመም። ልዩነቱ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ለረጅም ጊዜ ማንንም አላስቸገረም። በ1901 ግን ሦስተኛው የክብደትና የመለኪያ ጠቅላላ ጉባኤ ሊትርን፣ ውሃ ከሁሉ በላይ በሚታፈግበት ሙቀትና በመደበኛ የአየር ግፊት፣ አንድ ኪሎግራም ንጹሕ ውሃ የሚይዘው ይዘት ነው ብሎ ደነገገ። ስለዚህ ሊትር 1 ኩብ ዴሲሜትር መሆኑ ቀርቶ 1.000028 ኩብ ዴሲሜትር ገደማ ሆነ። ከዚያ ጀምሮ እስከ 1964 ድረስ ሚሊሊትርና ኩብ ሴንቲሜትር በሕግ የተለያዩ ነበሩ። በ1964 ጉባኤው የ1901ን ድንጋጌ ሽሮ ሊትርን ወደ ኩብ ዴሲሜትር መለሰው። ተማሪው «1 ሚሊሊትር ከ1 ኩብ ሴንቲሜትር ጋር እኩል ነው» የሚለውን የተፈጥሮ ሕግ አድርጎ ያጠናዋል፤ እውነቱ ግን ሰዎች ተሰብስበው የወሰኑት፣ ለ63 ዓመታትም ያልጸና ስምምነት ነው። ልዩነቱ በአንድ ሙሉ ሊትር ውስጥ ከአንድ ጠብታ ያንሳል። በትምህርት ቤት መስፈሪያ የማይታይ፣ በምርጥ ቤተ ሙከራ ግን የሚያጣላ ልዩነት መኖሩን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

መጨረሻዋ አኃዝ ዋጋ የምታገኘው መቼ ነው ለሚለው ጥያቄ ደግሞ የሎርድ ሬይሊ ሥራ መልስ ይሰጣል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ የናይትሮጅንን እፍግታ ለማወቅ አንድ የመስታወት ሉል በጋዙ እየሞላ ይመዝን ነበር። ኦክስጅን ተለይቶለት ከአየር የተገኘው ናይትሮጅን 2.3102 ግራም ገደማ መዘነ። ከናይትሮጅን ውህዶች የተገኘው ግን 2.2990 ግራም ገደማ ሆነ። ሬይሊ ይህን በዋዛ አላለፈውም። በ1892 ኔቸር በተባለው መጽሔት ኬሚስቶች ምክንያቱን እንዲነግሩት ጠየቀ፤ ሙከራውንም በልዩ ልዩ መንገድ ደገመው። ልዩነቱ አልጠፋም። በሙከራው ውስጥ ሊኖር የሚችለው ስሕተት ከግራም አሥር ሺህኛ ጥቂት እጅ ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከመቶኛ ግራም በላይ ነበርና። በ1894 እርሱና ዊልያም ራምዚ በአየር ውስጥ ቀድሞ ያልታወቀ ጋዝ መኖሩን አስታወቁ፤ እርሱም አርጎን ተባለ። ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በ1785 ሄንሪ ካቨንዲሽ ከአየር ናይትሮጅን ውስጥ አልዋሐድ ያለች ትንሽ አረፋ መቅረቷን ጽፎ እንደነበረ የታወሰውም ያኔ ነው። በ1904 ሬይሊ የፊዚክስ፣ ራምዚ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በሁለት ጉልህ አኃዝ ቢጽፏቸው ሁለቱም 2.3 ይሆናሉ፤ አርጎንም ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል። በአንጻሩ አሥር አኃዝ ቢጻፍ ከአምስተኛው በኋላ ያሉት የሚነግሩት ነገር የለም። ተማሪዎች ሁለቱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ራሳቸው እንዲያጠጋጉ ማድረግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የኪሎግራም ታሪክ ከዚያ በኋላም ቀጥሏል። በ1889 ከፕላቲነምና ከኢሪድየም የተሠራው ኪሎግራም የዓለም መለኪያ ሆኖ በፓሪስ አጠገብ በሴቭር ተቀመጠ። ከ1988 እስከ 1992 ከቅጂዎቹ ጋር ሲነጻጸር፣ በመቶ ዓመት ውስጥ በመካከላቸው 50 ማይክሮግራም ገደማ ልዩነት መፈጠሩ ታወቀ። ሆኖም በትርጉሙ መሠረት ዋናው ኪሎግራም ሊሳሳት ስለማይችል፣ የተለወጠው እርሱ ይሁን ቅጂዎቹ መለየት አልተቻለም። በዚህ ምክንያት ጉባኤው ኅዳር 16 ቀን 2018 ባሳለፈው ውሳኔ ኪሎግራም በፕላንክ ቋሚ ቁጥር እንዲተረጎም አደረገ፤ ውሳኔውም ግንቦት 20 ቀን 2019 ሥራ ላይ ዋለ። በ1971 ወደ ዓለም አቀፉ ሥርዓት የገባው ሞልም ከዚያው ቀን ጀምሮ በ12 ግራም ካርቦን 12 መተርጎሙ ቀርቶ፣ 6.02214076 ሲባዛ በ10 ኃይል 23 ቅንጣቶች ማለት ሆኗል። የቀድሞዎቹን ትርጉሞች የያዙ መጻሕፍትና የመምህር መምሪያዎች በሚቀጥለው እትማቸው መታረም ይኖርባቸዋል። የተማሪው 17.3 ግራም ግን በዚህ ሁሉ አይነካም።

ለክፍል ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው። ውሃ የያዘ አንድ የመለኪያ ሲሊንደር በጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ አሥር ተማሪዎች ተራ በተራ ቀርበው፣ ዓይናቸውን ከውሃው ወለል ጋር አስተካክለው ያንብቡ፤ ያነበቡትንም ለጓደኛ ሳያሳዩ በወረቀት ይጻፉ። ከዚያ ንባቦቹ ሁሉ በሰሌዳው ላይ ይዘርዘሩ። ሁሉም የተስማሙባቸው አኃዞች ከግራ በኩል ይታያሉ፤ ቀጥሎ የሚለያዩበት አንድ አኃዝ ይመጣል። መምህሩ ከዚያ አኃዝ በስተቀኝ መስመር ካሰመረ በኋላ ስለ ጉልህ አኃዞች የሚናገረውን ደንብ ሊያስተምር ይችላል፤ አንድ ተማሪ ከሌሎቹ እጅግ የራቀ ንባብ ከጻፈም ቁጥሩ ሳይሰረዝ ይቆይና ተማሪው እንደገና ቀርቦ ያንብብ።