መቁላት ወይስ ማሳረር? የቡና አቆላል ደረጃዎችና ጣዕማቸው

ማለዳ በሀይሌ ጋርመንት አደባባይ በኩል ያለፈ ሰው የአካባቢውን ሁለት ሽታዎች ያውቃቸዋል። አንደኛው የሽንኩርትና የጎመን፣ ሁለተኛው ደግሞ የሚቆላ ቡና ነው። አካባቢው ስሙን ከልብስ ፋብሪካ ቢወርስም በ2013 ዓ.ም. የአትክልት ገበያው ከጃንሜዳ ተነስቶ ወደዚያ ከተዛወረ ወዲህ ሾፌሩ፣ ጫኝና አውራጁ፣ ደላላውና ቸርቻሪው ጎህ ሳይቀድ ይሰባሰቡበታል። ሕዝብ በተሰበሰበበት ደግሞ የጀበና ቡና አይጠፋም።

በቅርቡ ከእነዚህ ቡና አፍዪዎች በአንዷ ዘንድ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ስትቆላ አየሁ። ፍሬው ተንጣጥቶ ደስ የሚል ቡናማ መልክ ያዘ። “አሁን አይወጣም?” ብዬ ጠየቅኋት። “ኧረ ጋሼ! እንዲህ ቀልቶ ባቀርበው ደንበኛው ‘ጥሬ ነው’ ብሎ ይመልስልኛል” አለችና ወዙ ወጥቶ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ማገላበጧን ቀጠለች።

በልጅቷ አልፈርድባትም፤ ገበያዋን ታውቃለች። ነገር ግን መልሷ አንድ ጥያቄ አጫረብኝ። ለመሆኑ የቡና መገኛ በሆነች አገር ተወልደን ያደግን ሰዎች የምንጠጣው የቡናውን ጣዕም ነው ወይስ የእሳቱን? ለጥያቄው መልስ ለመስጠት ከሁሉ በፊት የአቆላል ደረጃዎችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ምጣዱ ላይ ምን ይሆናል?

በደንብ የደረቀ ጥሬ ቡና ከክብደቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ የሚሆነው ውኃ ነው። እሳት ሲነካው በመጀመሪያ ይህ ውኃ መትነን ይጀምራል፤ አረንጓዴው ፍሬም ወደ ቢጫነት ይለወጣል፤ ሽታውም የሣርና የተጠበሰ ዳቦ ይሆናል። የፍሬው ሙቀት ወደ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ በውስጡ ያለው ስኳርና ፕሮቲን እርስ በርስ እየተዋሐደ ቡናማውን ቀለምና እኛ “የቡና ሽታ” የምንለውን መዓዛ ይፈጥራል። ዳቦ ሲጋገር፣ ሥጋም ሲጠበስ መልካቸው የሚለወጠው በዚሁ ዓይነት ሂደት ነው።

ሙቀቱ 196 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በፍሬው ውስጥ የታመቀው እንፋሎትና ጋዝ ፍሬውን እየፈነቀለ ይወጣል። ፈንድሻ ሲፈነዳ እንደምንሰማው ያለ ድምፅም ይሰማል። ይህ የመጀመሪያው መንጣጣት ነው። ከዚያ ጥቂት ጊዜ ጸጥ ይላል። ሙቀቱ ወደ 224 ዲግሪ ሲወጣ ደግሞ ሁለተኛው መንጣጣት ይጀምራል፤ ድምፁ ቀጠን ያለና ፈጠን ያለ ነው። የዓለም ቆዪዎች የአቆላል ደረጃን የሚለኩት በአብዛኛው በእነዚህ ሁለት ድምፆች መካከል ቡናው የት ቦታ ላይ ከእሳት እንደወጣ በማየት ነው።

አራቱ ደረጃዎች

ቀለል ያለ አቆላል። የመጀመሪያው መንጣጣት እንደጀመረ ወይም እንዳበቃ የሚወጣ ነው። መልኩ የቀረፋ ሲሆን ፍሬው ደረቅ ነው፤ ወዝ አይታይበትም። ከክብደቱ ከ11 እስከ 13 በመቶ ያጣል። ጣዕሙ ጎምዘዝ ይላል፤ የአበባ፣ የሎሚ ልጣጭና የፍራፍሬ ቃና አለው። የታጠበ የይርጋጨፌ ቡና በዓለም የታወቀበት መዓዛ ጎልቶ የሚወጣው በዚህ ደረጃ ነው። በወረቀት ማጥለያ ለሚዘጋጅ ቡና ይስማማል። በአንጻሩ በጀበና ለረጅም ጊዜ ከተንተከተከ ጎምዛዛነቱ ሊበረታ ይችላል።

መካከለኛ አቆላል። የመጀመሪያው መንጣጣት አብቅቶ ሁለተኛው ሳይጀምር፣ ከ210 እስከ 220 ዲግሪ ባለው ሙቀት የሚወጣ ነው። ነጋዴዎች “ሲቲ” የሚሉት እዚህ ይመደባል። ክብደቱ ከ14 እስከ 16 በመቶ ይቀንሳል። ጎምዛዛነቱ ይለዝብና የማርና የተቃጠለ ስኳር ዓይነት ጣፋጭነት ይመጣል። የሲዳማና የሊሙ ቡናዎች በዚህ ደረጃ መልካም ናቸው። የቦታው ቃና ሳይጠፋ የመቁላቱ ጣዕም ይጨመርበታል።

ጠቆር ያለ አቆላል። ሁለተኛው መንጣጣት ሲጀምር የሚወጣ ነው። “ፉል ሲቲ” እና “ቪየና” የሚባሉት እዚህ ናቸው። በፍሬው ላይ የወዝ ነጠብጣብ መታየት ይጀምራል። ቡናው ወፈር ይላል፤ የቸኮሌትና የቅመም ቃና ያገኛል። ደረቅ ሆኖ የሚዘጋጀው የሐረር ቡና፣ ቀለል ሲል የእንጆሪ ቃናው የሚጎላው፣ በዚህ ደረጃም ለዛውን አይለቅም። የጅማ ደረቅ ቡናም ይችለዋል።

ጥቁር አቆላል። ሁለተኛው መንጣጣት ከገፋ በኋላ፣ ከ230 ዲግሪ በላይ የሚደረስበት ነው። “ፍሬንች” እና “ኢታሊያን” ይባላል። ፍሬው በወዝ ተነክሮ ያብረቀርቃል፤ ከክብደቱ ከ18 እስከ 22 በመቶ ያጣል። ጣዕሙ መራራ፣ ጭስ ጭስ የሚል ነው። ከዚህ ደረጃ በኋላ ይርጋጨፌውን ከነቀምቴው፣ ሐረሩን ከሊሙው መለየት ለሠለጠነ ቀማሽም ያስቸግራል።

ከላይ የተጠቀሱትን ሁሉ ባጭሩ ለማስቀመጥ፣ ቡናው በቀለለ ቁጥር የበቀለበትን ቦታ፣ በጠቆረ ቁጥር ደግሞ ያረፈበትን ምጣድ ይናገራል።

ጥቁር ማለት ኃይለኛ ማለት ነው?

ብዙ ሰው ጠቁሮ የተቆላ ቡና “ኃይለኛ” ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። የሚያነቃቃን ካፌይን ነው፤ ካፌይን ደግሞ በመቁላት ሙቀት ብዙም አይጠፋም። ጠቁሮ የተቆላ ፍሬ ስለሚያብጥና ስለሚቀል በማንኪያ ከተሰፈረ ካፌይኑ ትንሽ ያነሰ፣ በሚዛን ከተመዘነ ደግሞ ትንሽ የበዛ ይሆናል። ልዩነቱ ግን ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ምላስ ላይ ኃይል ሆኖ የሚሰማን ምረቱ ነው።

የኪስ ጉዳይም አለበት። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና በመካከለኛ ደረጃ ሲቆላ 850 ግራም ገደማ ይወጣዋል። ጥቁር ሲሆን 800 ግራም ገደማ ይቀራል። አንድ ስኒ 7 ግራም ይፈጃል ብንል ከእያንዳንዱ ኪሎ ሰባት ስኒ ቡና ጭስ ሆኖ ሄደ ማለት ነው። በቀን ውስጥ ደጋግማ ለምትቆላ ቡና አፍዪ ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ለምን አጠቆርነው?

በእኔ እምነት ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። ቀዳሚው ምጣዱ ራሱ ነው። በጠፍጣፋ ብረት ምጣድ ላይ ሙቀቱ ከሥር ብቻ ስለሚመጣ አንዱ ፍሬ ሲያር ሌላው ጥሬ ይቀራል። ጥሬው እንዲበስል ሲባል ሁሉም ይጠቁራል። ሁለተኛው የጣሊያን ማሽን ቡና ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ፒያሳ እንደተመሠረተው ቶሞካ ያሉ ቤቶች አዲስ አበባን ከማኪያቶና ከኤስፕሬሶ ጋር አስተዋወቁ፤ ወተት የሚገባበት ቡና ደግሞ ጠቆር ማለቱ ይስማማዋል።

ሦስተኛው፣ እንደ ሕግ ተማሪነቴ ትኩረቴን የሚስበው፣ ሕጉ ነው። ለውጭ ገበያ የሚመጥን ቡና በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ ለብዙ ዓመታት ተከልክሎ ቆይቷል፤ የቡና ጥራት ቁጥጥርና ግብይት አዋጅ ቁጥር 602/2000ም ይህንኑ አጽንቶ ነበር። አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ እንደሚያስፈልጋት የሚክድ የለም። ሆኖም ውጤቱ እንዲህ ሆነ፦ ከምናመርተው ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው እኛው ሆነን ሳለ ለእኛ የተተወው ከመመዘኛው የወደቀው ነው። የተሰበረ፣ ነፍሳት የበላው፣ ያልበሰለና የሻገተ ፍሬ የተቀላቀለበት ቡና ቀለል ተደርጎ ቢቆላ ጉድለቱ ሁሉ ስኒው ውስጥ ይወጣል። ጥቁር ሲሆን ግን ሁሉም አንድ ይሆናል። የቡና ነጋዴውም ጠጪውም ከዚህ ጋር ተላመዱ። ልማዱም ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፎ “እውነተኛ ቡና ጥቁር ነው” ወደሚል እምነት ተለወጠ።

ጥቁርነቱ ሌላም ነገር ይሸፍናል። ተፈጭቶ በሚሸጥ ቡና ላይ የተቆላ ገብስ ወይም ሽንብራ የሚቀላቅል ነጋዴ የመጀመሪያው ተባባሪው ያረረው ቀለም ነው። የዓለም አቀፉ የቅምሻ ሥርዓት ናሙናው ከቀላል እስከ መካከለኛ ባለው ደረጃ፣ ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲቆላ የሚያዝዘው ጉድለትም ሆነ ጥሩነት በግልጽ እንዲታይ ነው። ያረረ ቡና ግን አፉ እንደታሰረ ምስክር ነው፤ ቢጠይቁት አይመልስም።

ስሙን አስከብረን ጣዕሙን እንዳንጥል

እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ለአሜሪካ መንግሥት ማመልከቻ አቀረበች። ከብዙ ክርክር በኋላ በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈረመ። እ.ኤ.አ. በ2020 በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር ያሸነፈው የሲዳማው ገበሬ የንጉሴ ገመዳ ቡና በጨረታ አንዱ ፓውንድ፣ ማለትም ከግማሽ ኪሎ ያነሰው፣ 185.10 ዶላር ተሸጧል። ይህን ዋጋ ያስገኘው የበቀለበትን ቦታ የሚናገረው ጣዕሙ ነው።

ሌሎቹ አገሮች ቡናችንን እንደየባህላቸው ይቆሉታል። በሳዑዲ ዓረቢያ በጣም ቀለል አድርገው ቆልተው ከሄል ጋር ያፈሉታል፤ የስካንዲኔቪያ አገሮችም በቀላል አቆላል ይታወቃሉ፤ የኔፕልስ ሰው ያጠቁረዋል። ስለዚህ ጥቁር ጠጪ ሁሉ ተሳስቷል ማለቴ አይደለም። ጥቁር የሚወድ ይጠጣ፤ መብቱ ነው። ምርጫ የሚባለው ግን ሌላውን ቀምሶ የተተወ እንደሆነ ነው። ስሙን በውጭ አገር በሕግ ያስከበርንለትን ቡና እዚህ ምጣድ ላይ ስሙን እስኪረሳ ድረስ ማቃጠላችን ያሳዝነኛል።

ለቤትዎ የሚሆን ምክር

በመጀመሪያ፣ ከመቁላትዎ በፊት ጥሬውን በሰፌድ ላይ አፍስሰው ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና የተበላውን ይልቀሙ። አሥር ያረረ ፍሬ የሚያበላሸውን አንድ የሻገተ ፍሬ ያበላሸዋል።

ሁለተኛ፣ ምጣዱን አይሙሉት። ፍሬው ከአንድ ንብርብር ብዙም ሳይበልጥ ረመጡን መጠነኛ አድርገው ያለ ማቋረጥ ያገላብጡ።

ሦስተኛ፣ ዓይንዎን ብቻ ሳይሆን ጆሮዎን ይመኑ። የመጀመሪያው መንጣጣት ጸጥ ሲል መካከለኛው ደረጃ ደርሷል። ለጀበና ይህ፣ ወይም ሁለተኛው ሊጀምር ሲል ያለው ጊዜ፣ የተሻለ ነው። ጠቁሮ የተቆላ ቡና ያለውን ቶሎ ስለሚለቅ አቦሉ መሮ ቶናውና በረካው ይቀጥናሉ።

አራተኛ፣ ቡናው እንደደረሰ ወዲያውኑ ሰፌድ ላይ ዘርግተው ያራግቡት። በሥርዓታችን ምጣዱ ጭሱ እንዲሸተት በእንግዶች ፊት ይዞራል፤ መልካም ባህል ነው። ነገር ግን ፍሬው በጋለው ብረት ላይ እስካለ ድረስ መቆላቱን አላቆመም። ስለዚህ ጥቂት ቀደም ብለው ከእሳት ያውጡት።

አምስተኛ፣ ተቆልቶ የታሸገ ቡና ሲገዙ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የየት አገር ቡና ነው? መቼ ተቆላ? በምን ደረጃ? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። መብት ደግሞ ካልጠየቁት አይሠራም።

ወደ ሀይሌ ጋርመንቷ ቡና አፍዪ ልመለስ። በማግስቱ ሄጄ ለእኔ ብቻ አንድ እፍኝ ቀደም ብላ እንድታወጣልኝ ለመንኋት። እየሳቀች አወጣችልኝ። አቦሉን እሷም ቀመሰችው፤ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ጥቂት ዝም አለችና “ጋሼ፣ ይኼ እኮ ይጣፍጣል” አለችኝ። ስኳር አልጨመረችበትም ነበር።