ግራሙን እንጂ እጁን አንጠይቅም

ሰሞኑን ጠፍቼ ነበር። ሲታክ ኤርፖርት ተራ እየጠበቅኩ ስለሆነ ይቺን ልጫር።

ባለፈው ወደ ቤልቪው የወሰድኳት ሴትዮ ቀለበቷን እያሳየችኝ "ቡልጋሪ ነው፣ የጣሊያን ሥራ" አለችኝ። ሰውየው ግን ግሪክ ነበር። ሶቲሪዮስ ቩልጋሪስ ይባላል፤ ያኔ በቱርክ ሥር በነበረችው በኢጲሮስ የተወለደ ብር አንጥረኛ ነው። ተሰዶ ሮም ገባና እ.ኤ.አ. በ1884 ሱቅ ከፈተ። በ1905 ደግሞ ቪያ ኮንዶቲ በሚባለው ጎዳና ላይ ሌላ ሱቅ ከፈተ፤ እሱ እስከ ዛሬ አለ። በሩ ላይ የሰቀለው የገዛ ስሙን ነው፤ ለጣሊያን ጆሮ ትንሽ አስተካክሎት። በ2011 የፈረንሳዩ ኤልቪኤምኤች ኩባንያውን በቢሊዮን ዩሮ ሲገዛ የከፈለው ለወርቁ ብቻ አልነበረም፤ ለዚያ የስደተኛ ስም ጭምር ነው።

አሁን ወደ እኛ አንጥረኛ እንምጣ። ጎንደር ውስጥ ቤተ እስራኤሎች ለገበሬው ማረሻ ሲቀጠቅጡለት የሰጣቸው ስም "ቡዳ" ነበር። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰለሞን በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ የአባት የአያት ሙያም አብሯቸው ተሳፈረ።

"ያ የድሮ ነው" እንዳትሉኝ። እኔ ራሴ፣ ዲግሪ ያለኝ መሐንዲስ፣ የሠርግ ቀለበት ልገዛ ፒያሳ ወርቅ ቤት ስገባ "ስንት ካራት ነው? ስንት ግራም?" አልኩ። በዕለቱ ዋጋ አባዛሁ። "የእጅ" ተብላ የምትጨመረዋን ትንሽ ብር ግን ካልቀነሳችሁልኝ ብዬ ተከራከርኩ። ማን ሠራው ብዬ አልጠየቅኩም። ሰውየውን እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ ሥራው ግን መሪ በያዝኩ ቁጥር ጣቴ ላይ ያበራል።

ሲያትል መጥቼ ሥራ ስፈልግ አንድ ቢሮ ገባሁ። የሠራኋቸውን የድልድይ ንድፎች ዘርግቼ አሳየሁ። ሰውየው አንዱንም ሳይገልጥ "የአሜሪካ ልምድ አለህ?" አለኝ። የለኝም። በቃ፣ አለቀ። ስንት ዓመት ተብሰለሰልኩ መሰላችሁ! እጄን ሳያይ መዘነኝ እያልኩ። ቆይቶ ነው የፒያሳው አንጥረኛ ትዝ ያለኝ። እኔስ ለእሱ ያደረግኩት ምንድን ነው? ያው እኮ ነው።

ክረምት ላይ አገር ቤት የምትገቡ፣ ወርቅ መግዛታችሁ አይቀርም። ግራሙን ጠይቁ፣ ገንዘባችሁ ነው። ከዚያ ግን "ይሄን የሠራው ማነው?" በሉ። ስሙን ጻፉት፤ ለልጆቻችሁ ስታወርሱት ስሙም አብሮ ይለፍ። በእጁ ላይም አትከራከሩ።

ተራዬ ደረሰ፣ ደህና ሁኑልኝ።