የውሻ ጠባይና ውሾችን እርስ በርስ ማላመድ

የውሻ ጠባይ የሚባለው ውሻ ከሌሎች ውሾች፣ ከሰዎችና ከአካባቢው ጋር ሲገናኝ የሚያሳየው እንቅስቃሴ፣ ድምፅና የሰውነት አቋም ነው። ውሾችን ማላመድ ደግሞ አብረው የሚኖሩ ወይም በመንገድ የሚገናኙ ውሾች ሳይፈራሩና ሳይናከሱ እንዲቀራረቡ ጥቂት በጥቂት ማስተማር ማለት ነው። የውሾች ጠብ ለባለቤቶቻቸው በድንገት የመጣ ይመስላል። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ከንክሻው በፊት ውሻው ብዙ ምልክት አሳይቶ፣ ያስተዋለው ሰው ሳይኖር ቀርቷል። ምልክቶቹን ያላወቀ ሰው ውሻውን ለማሠልጠን ቢሞክር ብዙ ጊዜ ነገሩን ያባብሰዋል።

አመጣጥ

ውሻ ከተኩላ የተገኘ ሲሆን ሰው ካላመዳቸው እንስሳት ሁሉ ቀዳሚው ነው። የት እንደተላመደ ተመራማሪዎች እስካሁን ይከራከራሉ። በጀርመን አገር በቦን ከተማ፣ ኦበርካሰል በተባለው ስፍራ ከሁለት ሰዎች ጋር ተቀብሮ የተገኘ የውሻ አጽም 14 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። በጥርሶቹ ላይ የታየው ጉዳት ቡችላው ለሳምንታት ታሞ እንደነበር ስለሚያመለክት፣ አጽሙን የመረመሩት ምሁራን ሰዎች ባያስታምሙት ኖሮ በሕይወት ሊቆይ አይችልም ነበር ብለዋል።

ለማዳነት በዘር እንደሚተላለፍ ያሳየው ዝነኛው ሙከራ የተደረገው በውሻ ላይ ሳይሆን በቀበሮ ላይ ነው። ሩሲያዊው ዲሚትሪ ቤልያዬቭ እ.ኤ.አ. በ1959 በኖቮሲቢርስክ ከተማ አቅራቢያ ሰውን እምብዛም የማይፈሩትን ቀበሮዎች ብቻ እየመረጠ ማራባት ጀመረ። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ሰው ሲያዩ ጭራቸውን የሚቆሉ ቀበሮዎች ተወለዱ።

የሰውነት ቋንቋ

ውሻ በመላ አካሉ ስለሚናገር አንዱን ክፍል ብቻ ማየት ያሳስታል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ጭራ ነው። ጭራውን የሚቆላ ውሻ ሁሉ ደስ ያለው ይመስላል፤ መቁላት ግን የሚያመለክተው ውሻው መነቃቃቱን ብቻ ነው። ወገቡን ጭምር እያወዛወዘ፣ ጭራውን በመካከለኛ ከፍታ አላልቶ የሚቆላ ውሻ ሰላማዊ ነው። ጭራውን ወደ ላይ ገትሮ በአጭሩ የሚያንቀጠቅጥ ውሻ ግን ለጠብ ሊዘጋጅ ይችላል። ጭራውን በእግሮቹ መካከል የወሸቀ ውሻ ፈርቷል። የጣልያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ውሾች ባለቤታቸውን ሲያዩ ጭራቸው ወደ ቀኝ፣ የማያውቁትን ኃይለኛ ውሻ ሲያዩ ደግሞ ወደ ግራ እንደሚያመዝን አሳይተዋል። ልዩነቱ የተለካው በቪዲዮ ስለሆነ በመንገድ ላይ ለሚቆም ሰው እምብዛም አይጠቅምም።

ከጭራ ይልቅ ጠቃሚ የሆኑት ትንንሾቹ ምልክቶች ናቸው። ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን የሚልስ፣ እንቅልፍ ሳይመጣው የሚያዛጋ፣ ራሱን ወደ ጎን የሚያዞር ወይም የዓይኑን ነጭ እያሳየ በጎን የሚመለከት ውሻ ጭንቀት ላይ ነው። ኖርዌያዊቷ አሠልጣኝ ቱሪድ ሩጎስ እንዲህ ያሉትን ምልክቶች ውሾች ራሳቸውንም ሌላውንም ለማረጋጋት የሚጠቀሙባቸው ናቸው ብላ በሰፊው አስተዋውቃለች። ሁለት የማይተዋወቁ ውሾች በራሳቸው ጊዜ ሲገናኙ ፊት ለፊት አይጋጠሙም፤ ዞር ብለው፣ በጎን በኩል እየተጠጉ መጀመሪያ የኋላ አካላቸውን ይሸታተታሉ። አንዱ ሌላውን ትኩር ብሎ አፍጥጦ ከቆመ፣ አካሉም ድርቅ ካለ፣ ሰላምታው ተበላሽቷል። የዚህ ዓይነቱ መድረቅ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ብቻ ሊቆይ ስለሚችል ሰው አያስተውለውም፤ ከንክሻ በፊት የሚታየው የመጨረሻው ምልክት ብዙ ጊዜ እርሱ ነው።

በጀርባ ላይ የጠጉር መቆም ቁጣ ብቻ ተደርጎ ይታሰባል። ውሻው ሳያዝዘው የሚመጣ በመሆኑ ግን በፍርሃት፣ በድንጋጤ ወይም በጨዋታ ሙቀትም ሊታይ ይችላል።

ማጉረምረም ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ውሻ የሚያጉረመርመው «ከዚህ በላይ አትቅረብ» ለማለት ነው፤ መንከስ ሳያስፈልገው ነገሩ እንዲያበቃ የሚሰጥ ዕድል ነው። ብዙ ባለቤቶች ሲያጉረመርም ይመቱታል። የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ሊተው ይችላል፤ ፍርሃቱ ግን አብሮት ይቀራል፤ እንዲያውም የሌላው ውሻ መምጣት ከዱላ ጋር ስለሚያያዝበት ይብስበታል። «ሳይጮህ የሚነክስ» የሚባለው አስቸጋሪ ውሻ አንዳንድ ጊዜ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። «የሚጮህ ውሻ አይናከስም» የሚለውም አባባል በውሻ ዘንድ እውነት አይደለም፤ የሚጮኽ ውሻ መሸሻ ካጣ ይነክሳል።

ጨዋታና ጠብ

ውሾች ሲጫወቱ ያጉረመርማሉ፣ ይባረራሉ፣ አንገት ይያያዛሉ፤ ስለዚህ ከጠብ ለመለየት ያስቸግራል። የጨዋታ ግብዣ የሚታወቀው ውሻው የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን ወደ መሬት ዝቅ ሲያደርግና ወገቡን ወደ ላይ ሲያነሳ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ማርክ ቤኮፍ ውሾች ይህን ምልክት በተለይ ከጠንካራ ንክሻ በፊትና በኋላ እንደሚያሳዩ፣ «ይህ ጨዋታ ነው» እንደማለት እንደሚጠቀሙበት ጽፏል። በጤናማ ጨዋታ ውስጥ ተራ መቀያየር አለ፤ አባራሪው ተባራሪ ይሆናል፤ ትልቁ ውሻ በጀርባው ተንጋሎ ለትንሹ ይተኛለታል፤ በየመካከሉ ቆም ይላሉ። ጥርጣሬ ካለ የሚበረታውን ውሻ ለአፍታ ይዞ ሌላውን መመልከት ጥሩ ፈተና ነው። ተመልሶ ከመጣ ጨዋታ ነበር፤ ዕድሉን አግኝቶ ከሸሸ ጨዋታው የአንዱ ብቻ ነበር።

የቡችላነት ወራት

ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር በአሜሪካ ሜይን ግዛት ባር ሃርበር ከተማ በሚገኘው ጃክሰን ላቦራቶሪ ለብዙ ዓመታት ቡችላዎችን ካጠኑ በኋላ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1965 በመጽሐፍ አወጡ። ቡችላ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ ያየውን፣ የሸተተውንና የሰማውን እንደ ተራ ነገር ይቀበላል። በዚያው ላቦራቶሪ እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ሰው ሳይነካቸው ያደጉ ቡችላዎች እንደ ዱር አውሬ ሰውን የሚሸሹ ሆነው ተገኝተዋል። ለሌሎች ውሾችም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ቡችላ ምን ያህል መንከስ እንደሚያሳምም የሚማረው ከወንድሞቹና ከእናቱ ጋር ሲጫወት ነው፤ በመሆኑም ከ8 ሳምንት በፊት ከእናቱ መለየት አይመከርም። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ከተከተቡና ጤናማ ከሆኑ ውሾች ጋር ብቻ ሊገናኝ ይገባል።

የ«የበላይነት» አስተሳሰብ

ለረጅም ጊዜ ውሻ በቤቱ ውስጥ አለቃ ለመሆን ዘወትር የሚታገል እንስሳ ነው ተብሎ ተነግሯል። የዚህ አስተሳሰብ አንዱ ምንጭ ስዊዘርላንዳዊው ሩዶልፍ ሼንከል እ.ኤ.አ. በ1947 በባዝል የእንስሳት ማቆያ ስለሚኖሩ ተኩላዎች ያሳተመው ጥናት ነው። እነዚህ ተኩላዎች በጠባብ ግቢ ውስጥ የታጎሩ ነበሩ። አሜሪካዊው ዴቪድ ሚች ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው መጽሐፍ ቢያስፋፋውም፣ በኋላ ተኩላዎችን በዱር ሲከታተል መንጋው አብዛኛውን ጊዜ አባት፣ እናትና ልጆቻቸው መሆኑን አየ። በ1999 ባሳተመው ጽሑፍም ወላጆቹን «አለቃ» ብሎ መጥራት እንደማያስፈልግ ገልጿል።

በውሾች መካከል የመቀዳደም ግንኙነት መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ባለቤቱ ውሻውን በግድ በጀርባው እያስተኛ «አለቃ ማን እንደሆነ ያሳየው» የሚለው ምክር ከዚህ እውቀት አይወጣም፤ ለንክሻም ያጋልጣል። ለአብዛኛው ጠብ የተሻለው ማብራሪያ ፍርሃት፣ ሕመም ወይም ምግብን፣ መኝታንና ሰውን መከላከል ነው።

የመማር መንገዶች

ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ (1849–1936) እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር ነው። በሥራው ላይ ግን ውሾቹ ምግብ ከመቅረቡ በፊት በተሰማ ድምፅ ብቻ ምራቃቸው እንደሚወርድ አስተዋለ። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ፣ ከእርሱም በኋላ ስኪነር፣ ጥሩ ውጤት ያስገኘ ድርጊት እንደሚደጋገም አሳዩ።

ውሾችን በማላመድ ሁለቱም ይሠራሉ። ሌላ ውሻ ሲያይ የሚቆጣ ውሻ ሌላው በሩቅ በታየ ቁጥር ትንሽ ሥጋ ቢሰጠው፣ ከጊዜ በኋላ የሌላው ውሻ መታየት የሥጋ መምጫ ምልክት ይሆንለታል። ሁሉ ነገር የሚወሰነው በርቀቱ ነው። ውሻው ጮኾ ምግቡን እምቢ ካለ ርቀቱ አንሷል፤ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ሁኔታ ውስጥ መጮኽ ወይም ገመድ መጎተት ምንም አያስተምረውም።

ሁለት ውሾችን ማስተዋወቅ

መጀመሪያ የሚገናኙበት ስፍራ የማንኛቸውም ግቢ ባይሆን ይመረጣል። እያንዳንዱን ውሻ አንድ ሰው ይዞ፣ ሁለቱም ዘና ብለው ሊሄዱ በሚችሉበት ርቀት ወደ አንድ አቅጣጫ ጎን ለጎን ይጓዛሉ። አብሮ መጓዝ መፋጠጥን ያስቀራል። ገመዱ መላላት አለበት፤ የተወጠረ ገመድ የውሻውን አንገት ወደ ላይ ያነሳና አቋሙን የጠብ አቋም ያስመስለዋል፤ መሸሽም ይከለክለዋል። ርቀቱ ቀስ በቀስ ከጠበበ በኋላ አንዱ ከሌላው ኋላ እየሄደ ዱካውን እንዲያሸት ይደረጋል። በመጨረሻ ለ3 ሰከንድ ያህል ይሸታተቱና ወዲያው በስማቸው ተጠርተው ይለያያሉ። ይህን ብዙ ቀን መደጋገም ሊያስፈልግ ይችላል፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ለመጨረስ መቸኮል የተለመደው ስሕተት ነው።

ወደ ግቢ ከመግባታቸው በፊት የምግብ ሳህን፣ አጥንትና መጫወቻ መነሣት አለበት። በኢትዮጵያ ቤቶች በተለይ በበዓል ሰሞን ከእርድ የተረፈ አጥንት ለግቢው ውሾች በአንድ ላይ ይወረወራል፤ ዓመቱን ሙሉ ተስማምተው የኖሩ ውሾችም በዚህ ይቦጫጨቃሉ። እያንዳንዱ ለብቻው፣ በር ወይም አጥር ተለይቶት ቢበላ ይህ ይቀራል። መኝታቸውም የተለያየ ይሁን። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሰው በሌለበት አብረው አይተዉም።

በብዙ ግቢዎች ጠባቂው ውሻ ቀን ታስሮ ይውልና ሌሊት ይለቀቃል። የታሰረ ውሻ የሚመጣበትን መሸሽ ስለማይችል ያለው አማራጭ ማስፈራራት ነው፤ አዲስ ውሻ በታሰረ ውሻ አጠገብ ማምጣት በዚህ ምክንያት አደገኛ ነው። ሴት ውሻ ለስሪያ በምትደርስበት ወቅትም ወንዶቹ ይጣላሉ። ማኮላሸት መዞርንና በወንዶች መካከል ያለውን ፉክክር ሊቀንስ ቢችልም፣ ከፍርሃት የመጣን ቁጣ አያጠፋም።

ጠብ ከተነሳ እጅን ወደ ውሾቹ አንገት ማስገባት ክፉኛ ያስነክሳል። በባልዲ ውኃ መድፋት ወይም መጥረጊያ፣ ወንበር፣ ጣውላ በመካከላቸው ማስገባት የተሻለ ነው። ከተለያዩ በኋላ እንዳይተያዩ ማድረግና ቁስላቸውን በጠጉሩ ሥር መፈለግ ይገባል፤ የክራንቻ ቀዳዳ ከላይ ትንሽ መስሎ ከውስጥ ጥልቅ ይሆናል።

የጠባይ ለውጥና በሽታ

ሰላማዊ የነበረ ውሻ ያለ ምክንያት መናከስ ከጀመረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሕመም ነው። የጆሮ ቁስል፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም የጥርስ ችግር ያለበት ውሻ ሌላው ሲነካው ይቆጣል።

ከሁሉ የሚያሰጋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ሰውን የሚሸሽ ውሻ በድንገት ሊላመድ፣ ለማዳው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ሊነክስ ይችላል፤ ድምፁ ይለወጣል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ መንጋጋው ሊሰንፍም ይችላል። በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሕክምናው አያድንም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው እንዲከተቡ ይመክራል። በባሌ ተራሮች በሽታው ከቤት ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ ተሻግሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ገድሏል።

ውሻ የነከሰው ሰው ውሻው ጤናማ ቢመስልም ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ በዚያው ቀን ክትባት ለማግኘት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።